ብርድ ነው

በእናንተስ ሰፈር የሟችን በሽታ ከሐኪም ቀድሞ የሚያውቅ ሰው አለ? በእኛ በሮብ ገበያ ሰፈር አያ ሙላት ነበሩን። በዚያ በኮሮና ሰሞን የትም ለቅሶ ቢደርሱ ፍርዳቸው አንድ ነው፤ «ብርድ ነው የገደለው።» ከጮቄ ተራራ ሥር ተቀምጦ ይህን ማን ይከራከራል?

ክፋት የለባቸውም። ኮሮና ከተባለ ለቀስተኛ ይቀራል፤ ያለ ለቀስተኛ መቀበር ደግሞ እኛ ዘንድ ከሞቱም ይብሳል።

ታናሽ ወንድማቸው ከተማ ባለ፣ በረንዳው ሳይቀር በሽተኛ በሞላው ሆስፒታል፣ ኦክስጅን ላይ ነበር። ሊያወጡት ሄዱ።

«አባቴ፣ ወንድምዎ ከኦክስጅኑ ከተነሱ እኮ አያድሩም» አለች ነርሷ።

«ቤቱ ይሙት፤ ሰው ያልቅስለት» አሉ።

አልጋው ሳይቀዘቅዝ ሌላ በሽተኛ ተኛበት። ሆስፒታሉ ሟቹን «ወደ ቤቱ የሄደ» ብሎ ቆጠረው፤ እኛም ብርድ የገደለው ብለን ቀበርነው። ኮሮና ከሁለታችንም ቆጠራ አመለጠ። ድንኳኑ ግን ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ ተቃቅፈን አለቀስን፣ ከአንድ ሰፌድ ንፍሮ ዘገንን።

ብዙም ሳይቆይ የራሳቸው የአያ ሙላት ለቅሶ ሆነ። ከሩቅ የመጣ ዘመድ «ምን ገደላቸው?» ብሎ ጠየቀን። ይህን የሚመልሱልን እሳቸው ነበሩ። ከኋላ አንድ ሰው ኡሁ ኡሁ ብሎ ሳለ፤ ሌላውም ተከተለው። እኔም ጋቢዬን ሰብሰብ አድርጌ «ብርድ ነው» አልሁት።