የመምህር ይሁኔ የምርጫ ጀልባ

ለራሱ መቀስቀስ የማይሆንለት ዕጩ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። የፔዳ ሰፈር ጎረቤቴ መምህር ይሁኔ ተወልደው ባደጉባት የሐይቅ ዳር ከተማ በደልጊ ለክልሉ ምክር ቤት በግላቸው ሲወዳደሩ፣ እኛ የሰፈሩ ሰዎች ገንዘብ አዋጣንላቸው። ጀልባና ድምፅ ማጉያ ተከራዩበት፤ እኔም አጃቢ ሆኜ ሄድሁ።

ደልጊ ስንደርስ ሕዝቡ ሐይቁ ዳር ተሰብስቧል። እንዴት ደስ አለን! ለካስ ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ይዘው ጀልባ እየጠበቁ ኖሯል። መምህር ንግግራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«ፍጠን፣ በእኛ ጀልባ ውሰዳት» አሉት ባሏን። «ከጎርጎራ መኪና ተከራይተህ ጎንደር ሆስፒታል አድርሳት።» የቀረውን ገንዘብም አስጨበጡት።

በጥድፊያው የተቀዳ ቅስቀሳ የሚያሰማውን ድምፅ ማጉያ ያጠፋው ሰው አልነበረም። ጀልባው ሐይቁ መሃል እስኪደርስ ድረስ «ይሁኔን ምረጡ! ሸክማችሁን ያቀልላችኋል!» እያለ ያችን ምስኪን ሲቀሰቅሳት ሰማነው። መምህር ያለ ማጉያ የተናገሩትን ግን ነፋስ ወሰደው። በምርጫውም ተሸነፉ።

ሰፈር ስንሰበሰብ ጨርቅ ነጋዴው አቶ ሞላ «ለመሆኑ ገንዘባችን ምን ላይ ዋለ?» ብለው ጠየቁ። መምህር አንገታቸውን ደፍተው ሁሉንም ነገሩን። በዕድሜ የገፉት የሰፈራችን የኔታ፦

«ሴትዮዋስ?» አሉ።

«በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ።»

«ተመስገን! የክርስትና ልብሷንስ ማን ይገዛላታል?»

ሁላችንም ወደ አቶ ሞላ ዞርን። አቶ ሞላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጨርቁን ከሱቄ ይውሰዱላት፣ መምህር» አሉ። «ለሚመጣው ምርጫ ግን በእግርዎ ይሂዱ።»