እንፋሎቴን ጎረቤት ይይልኝ

ሰው በማያውቀው ሀብታም አይቀናም። ናይሮቢ ውስጥ አንድ ባለ ፎቅ ሰውዬ ግቢው ውስጥ ዋና ገንዳ ቆፈረ ቢሉኝ፣ «ይባርክለት» ብዬ ሸራዬን መስፋት እቀጥላለሁ። አንጀት የሚያንገበግበው አብሮን የተራበ ሰው ሲጠግብ ነው። በቀለና እኔ ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ሳለን በአንድ ድንኳን ያደርን፣ አንድ ሳሙና ለሁለት ከፍለን የታጠብን ነን። ከዚያ ሁለታችንም ሞያሌ ከተማ፣ በኬንያው በኩል ኑሮ ጀመርን። እሱ የመኪና ዕቃ ይሸጣል፤ እኔ የጭነት መኪና ሸራ እጠግናለሁ። ቤታችንም አጥር ለአጥር ነው። እስከዚህ ድረስ ፍቅር ነበርን።

ታዲያ አስፋልቱ ከናይሮቢ ተነስቶ እኛ ዘንድ የደረሰ ሰሞን፣ በቀለ ቦይለር አስመጣ። ሞያሌን ለማያውቅ ልንገረው፤ እዚህ ጀሪካን ደጅ ካስቀመጡ ፀሐይዋ ራሷ አሙቃ ትመልሳለች። ሰው ለሙቅ ውሃ ምን ያንገበግበዋል? ይህን ጥያቄ ለባለቤቴ ለጥሩነሽ አቀረብኩላት። እሷ ግን ለካ እነ በቀለ ቤት ገብታ ታጥባ መጥታለች። «ከላይ እንደ ዝናብ ይወርዳል» አለችኝ፣ ፊቷ በርቶ። በትዳራችን ዘመን ሁሉ እኔ ያመጣሁላት ነገር ፊቷን እንዲያ አብርቶት አያውቅም።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ከየት ይምጣ? ሰላምታ አስመስዬ እነ በቀለ ቤት ገባሁና ቦይለሩን በስንዝር ለካሁት። ከዚያ የሚበልጥ አስመጣሁ።

ሊገጥምልኝ የመጣው ፈንዲ (ባለሙያን እዚህ እንዲያ ነው የምንለው) በርሜሉን ግድግዳ ላይ ከሰቀለ በኋላ፣ ከጎኑ ያለውን ትንሽ የነሐስ መክፈቻ አሳየኝና የዚህ ማስወጫ ቧንቧ በየት ይውጣ አለኝ። ደግሞ እሱ ምን ያደርጋል ብዬ ጠየቅሁት። ውሃ ሲሞቅ ስለሚያብጥ ትርፉ በዚያ እንደሚንጠባጠብ፣ ቦይለሩ ከልክ በላይ ከጋለም እንዳይፈነዳ የፈላው ውሃና እንፋሎቱ በዚያው እንደሚወጣ ነገረኝ። ከዚህ ሁሉ ንግግር ጆሮዬ ውስጥ የቀረችው አንዲት ቃል ናት፤ እንፋሎት! በጓሮ ከወጣ ማን ያየዋል? ከፍየል በቀር ማንም! ስለዚህ ቧንቧው በፊት ለፊት፣ በረንዳው ላይ፣ በሰው ደረት ልክ ወጥቶ ወደ በቀለ በር እንዲያይ አዘዝኩ። ፈንዲው ሌላ ሥራ አስቸኩሎት ስለነበር አልተከራከረኝም፤ የተረፈውን የፕላስቲክ ቱቦ ቀጥሎልኝ ሄደ።

በቀለ እንኳን ደስ አለህ ሊለኝ መጣ። ቧንቧውን ሲያይ ግን ምርቃቱ አፉ ላይ ቀረ።

«ይሄ እኮ ሰው ላይ ነው የተደገነው» አለኝ። «ወደ ጓሮ አዙረህ መሬት ድረስ አውርደው።»

በሆዴ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ አትጠይቁኝ። ቀናብኝ! በቀለ በእኔ ቀና! ለጥሩነሽ ነገርኳት። እሷ ደግሞ የራሱን በየት እንዳወጣው ጠይቀው አለችኝ። አንድ ባለ ትልቅ ቦይለር ባለ ትንሽ ቦይለር ሄዶ ይጠይቃል? በማግስቱ በቀለ ከቤቱ ሥራ የተረፈ የብረት ቧንቧ ተሸክሞ መጣና ይሄን ግጠምበት፣ ፕላስቲኩ ሙቀት አይችልም አለኝ። አመስግኜ አጥሩን አስደገፍኩት። ምከረው፣ ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ?

መከራው እሑድ ቀን ለምርቃት ተጠራ። ጎረቤቱን ሁሉ በረንዳዬ ላይ ሰበሰብኩ። እንፋሎት እንዳይጠፋ ሰግቼ ከጠዋት ጀምሮ የሙቀቱን ቁልፍ እስከ ጥግ አዙሬዋለሁ። የሙቀት መቆጣጠሪያውም ተጣብቆ ኖሯል፤ ይህን ያወቅነው በኋላ ነው። መብራታችን እንደ እኛው ከወዲያ ማዶ፣ ከኢትዮጵያ የመጣ ስደተኛ ነውና ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። ያን ቀን ግን ሙሉ ጉልበቱን ይዞ ዋለ።

የግመል ወተት የምትሸጠው ማማ ሀሊማ በዕድሜ ትልቋ ስለሆነች የክብር ቦታ ሰጠኋት፤ ልክ ቧንቧው ፊት። ጥቂት ቆይቶ ቧንቧው መንጠባጠብ፣ ከዚያ ማፏጨት ጀመረ። «ተመልከቱልኝ እንጂ» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። ሁሉም ተመለከተ። በቀለ ብቻ ተስፈንጥሮ ተነሳና ማማ ሀሊማን በክንዷ ይዞ ጎትቶ አነሳት። ወዲያው ቧንቧው አንዴ አሳለና የፈላ ውሃ እሷ ተቀምጣበት የነበረው አግዳሚ ላይ ተፋ። የፕላስቲክ ቱቦው በሙቀት ልፍስፍስ ብሎ እንደ እባብ ራሱን አዞረና የበቀለን ክንድ አገኘው።

እኔ እንደ ግንድ ቆሜ ቀረሁ። መብራቱን ያጠፋችው ጥሩነሽ ናት። በቀለ ክንዱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሮ ጥርሱን ነክሶ ተቀመጠ፤ ያለው ነገር ቢኖር «ሴትዮዋ ደህና ናት?» ብቻ ነው።

ሰንበት ብሎ ክንዱን በፋሻ እንዳንጠለጠለ ጓሮዬ መጥቶ ተቀመጠና ሥራውን መራ። የብረት ቧንቧው ከላይ እስከ ታች ቁልቁል ተዘረጋ። መሃሉ ላይ ቧንቧ መዝጊያ እንዳይገባ፣ ጫፉም እንዳይደፈን ፈንዲውን አስጠነቀቀው። ማንም በማያልፍበት ጥግ ድንጋይ የተሞላ ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ ጫፉን መሬት አስጠግቶ አሳረፈው፤ ፍሳሹ ከበዛ እንድናይ ደግሞ በመስኮት ትይዩ አደረገው። የእሱም እንዲሁ በጓሮ የወጣ ነው ለካ። ቦይለሩን በስንዝር ስለካ ያላየሁት ለዚህ ነው።

አሁን ይህ ሁሉ የምስጋና ጉዳይ አይደለም? ነው። ግን ምስጋናው ወዴት ሄደ? ማማ ሀሊማ በየማለዳው የግመል ወተት ለበቀለ። ቤተ ክርስቲያን ጸሎቱ ለበቀለ፤ መስጊድ ዱዓው ለበቀለ። የከባድ መኪና ሾፌሮች ሳይቀሩ ሱቁ በር ላይ ቆመው «ፖሌ ሳና» ይሉታል፣ አይዞህ ማለታቸው ነው። የገዛ ሚስቴ ሾርባ ሠርታ፣ ቅልጥሙን መርጣ፣ በአጥሩ በኩል አሳልፋ ትሰጠዋለች። ለእኔስ ብላት «አንተማ ሙቅ ውሃ አለህ» አለችኝ። ቦይለሩን የገዛሁት እኔ፤ በረንዳው የእኔ፤ ጀግናው በቀለ!

ፋሻው የሚፈታለት ቀን አብሬው ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ቁስሉ ጠግጎ፣ ክንዱ አምሮበት ተገኘ። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞር ብሎ ያን ቀን እኔም ተቃጥዬ እንደሆነ ጠየቀኝ።

«እስካሁንም ያቃጥለኛል» አልኩት።

የት ጋ እንደሆነ ሊያይልኝ፣ ሸሚዜን ሊገልጥ ተነሳ።