የቤት ቁጥር፦ አዲስ

አድራሻ የሚባለው ነገር እኛን አስቸግሮን አያውቅም፤ የሚቸገረው ጠያቂው ነው። እኛማ ምን ገዶን! «አስፋልቱን ተሻገርና ቁልቁል ውረድ፤ ግራሩ የነበረበት ጋ ስትደርስ ወደ ቀኝ» እንላለን። ግራሩ ከተቆረጠ ስንት ዘመኑ! ሰውዬው «የቱ ግራር?» ቢለን ደግሞ የምንታዘበው እሱን ነው። ለመሆኑ እናንተ፣ በሞቴ፣ የቤታችሁን ቁጥር በቃላችሁ ታውቁታላችሁ? እኔ አውቀዋለሁ። መታወቂያዬ ላይ «የቤት ቁጥር፦ አዲስ» ይላል። የጎረቤቴም አዲስ ነው። የጎረቤቴ ጎረቤትም እንደዚያው። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አጠገብ ያለው ሰፈራችን እኔን አሳድጎ ጢም አብቅሎልኛል፤ ቁጥሩ ግን ዛሬም አዲስ ነው።

እንዲህ ያለ አድራሻ ይዤ አድራሻ በሚያሰላ ፕሮግራም ፍቅር መውደቄን ስነግራችሁ አትሳቁብኝ። ፕሮግራሙ የኔትወርክ አድራሻ ማስያ ነው። አንድ የኮምፒውተር አድራሻ ስትሰጡት የኔትወርኩ አጥር ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ፣ ስንት ኮምፒውተር እንደሚይዝ ቁጭ ያደርግላችኋል። የጻፈው ሌላ ሰው ነው። የእኔ ሥራ ፓኬጅ አድርጎ ሊኑክስ ከሚባለው፣ በነፃ ከሚታደለው የኮምፒውተር ሥርዓት ስርጭቶች በአንዱ ውስጥ ማስገባት ነበር፤ ማለትም ማንም ሰው በአንዲት ትእዛዝ እንዲጭነው፣ ማን እንደጻፈው፣ በምን ፈቃድ እንደሚታደል፣ ምን ምን እንደሚያስፈልገው አብሮ ጽፎ ማሰናዳት። ቀላል ይመስላል አይደል? የስርጭቱ ገምጋሚ፣ ሄንሪክ የሚባል ፈረንጅ፣ ሦስት ጊዜ መለሰብኝ። አንዴ የፈቃዱ ጽሑፍ ጎድሏል አለ። አንዴ መመሪያ የለውም አለ። በሦስተኛው ደግሞ አጭሩ መግለጫ መጨረሻ ላይ ነጥብ አድርገሃል አለኝ። ለአንዲት ነጥብ!

ነጥቧን አነሣሁ። ያን ጊዜ «ሥራህ ደኅና ነው» አለኝና ሌላ ጣጣ አመጣ። ስሜ ከፓኬጁ ጋር ስለሚጻፍ፣ ከስርጭቱ አባላት አንዱ በአካል አግኝቶኝ መታወቂያዬን ካላየ አይገባም። በአቅራቢያችን ደግሞ አባል የሚባል ዘር የለም። ጠበቅሁ። ስሜ ዓለም በሚጠቀምበት ሥራ ላይ ተጽፎ ለማየት እንዴት እንደጓጓሁ ለእናቴ እንኳ ማስረዳት አቃተኝ። «ሰው የሠራውን ጠቅልለህ ነው የምትኮራው? ላም አለኝ በሰማይ!» ትለኛለች።

አንድ ቀን ሄንሪክ ራሱ ጻፈልኝ። በአዲስ አበባ በኩል ያልፋል፤ በሁለት በረራ መካከል ግማሽ ቀን አለው፤ «አድራሻህን ላክልኝ፣ በታክሲ እመጣለሁ» ይላል። ቦሌ ሄጄ መቀበል ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። እናቴ ግን እንግዳ መምጣቱን እንደሰማች ዶሮ ገዝታ ሽንኩርቱን እኔ ላይ ጣለችው። በእንባዬ መካከል እንዲህ ብዬ ላክሁ፦ «የቤት ቁጥሬ አዲስ ነው። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በልና ና። እዚያ ምስጋናው ብለህ ጠይቅ፤ ሁሉም ያውቀኛል።» ሌላ ምን ልጻፍለት?

ከአየር ማረፊያው ሲወጣ ኢንተርኔቱ ተቋረጠበት። አንድ ሰዓት ሄደ፤ ሁለት ሰዓት ሄደ። ዶሮው ደረሰ፣ ፈረንጁ አልደረሰም። ቀረ በቃ፣ ፓኬጄም ቀረ አልኩ።

የሆነውን በኋላ የነገሩኝ እትዬ አስካለ ናቸው። እትዬ አስካለ ማረሚያ ቤቱ አጠገብ ባለችው ኪዮስካቸው ለእስረኛ ጠያቂዎች ሙዝና ሳሙና ይሸጣሉ። እዚያ ቦታ ከታክሲ ወርዶ፣ የሰው ስም የተጻፈበት ወረቀት ይዞ ግራ የተጋባ እንግዳ፣ ለእሳቸው እስረኛ ጠያቂ ነው እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም። «የኛው ምስጋናው?» አሉት ወደ ሰፈራችን እየጠቆሙ። አማርኛ የማያውቀው ሄንሪክ ስሜን ሲሰማ በደስታ ራሱን ነቀነቀ።

«ወይኔ ልጄን! ያ ኮምፒውተር ጉድ ሠራው!»

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባላል፤ ሰፈራችን የጨመረው ሰው ነው። እትዬ አስካለ ኪዮስኩን ዘጉ፣ ፌስታል ሙዝና ሳሙና ሞልተው ፈረንጁን አስያዙት፣ ጎረቤቱን አስከትለው እናቴን ሊያጽናኑ መጡ።

በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁት እትዬ አስካለ ክው አሉ።

«መቼ ፈቱህ?»

«ኧረ እትዬ፣ መች ታሰርኩና!»

«ይሁን፣ አይወራም። እንኳን ለቤትህ አበቃህ!» ብለው እልልታውን አቀለጡት። ሰፈሩ ተቀበላቸው። ከመሀል ሄንሪክ ፌስታሉን እንደያዘ በትሕትና አጨበጨበ።

ሰው ሁሉ ከዶሮው ቀመሰ። ሄንሪክም ከበላ በኋላ ያው ሄንሪክ ሆነና መታወቂያዬን ጠየቀ። ፎቶው የተነሣው ጢም ሳላበቅል ነው። አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ እኔን ያያል። ለነጥብ ያልማረኝ ሰው ለጢም ሊምረኝ ነው?

«ምንድነው የሚለው?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ይሄ አንተ ነህ ወይ ነው የሚለኝ።»

«እትብቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ በለው!»

ቃል በቃል ተረጎምኩለት። ሄንሪክ መታወቂያውን አጠፍ አደረገና ቤቱን ሞልቶ የተቀመጠውን ሰው ዞር ዞር ብሎ አየ። «እኛ የምንጠይቀው አንድ ወረቀት ነው፤ አንተ መንደር አመጣህብኝ» አለና ሳቀ። ከዚያ ማንነቴን ማረጋገጡን ፈረመ። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ!

ፓኬጁ ገባ፤ ስሜም አብሮ ተጽፏል፤ ማንም ሰው በአንዲት ትእዛዝ ይጭነዋል። ከሰፈራችን እስካሁን የጫነው የለም። አልታሰርኩም ብዬ ብምልም ያመነኝ የለም። ብዙ ታገልኩ፤ በመጨረሻ ተውኩት። አሁን እንግዳ ሲመጣብኝ ስለ ቤት ቁጥር አልጨነቅም። «ቃሊቲ ውረድና ፈረንጅ ያስፈታው ልጅ ቤት ብለህ ጠይቅ» እላለሁ። እስካሁን የጠፋ የለም።