ጋሽ ቆይ ፋየርዎል ሲመርጡ

መምረጥ የሚወድ፣ መወሰን ግን የሚያመው ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ካለ አሳዩኝና እዚያ ልቀጠር። ለእኛ ላቦራቶሪ ድርሻው የደረሰው በኮምፒውተር ባለሙያችን፣ በክቡር ጋሽ ቆይ በኩል ነው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን። ምንም ቢጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ቆይ፣ አንድ ነገር ልይ።»

አንድ ጊዜ ለቢሯቸው ወንበር እንዲመርጡ ሁለት ቢቀርብላቸው፣ ወር ሙሉ ጠዋት በአንዱ፣ ከሰዓት በሌላው ተቀመጡ። ወንበሮቹ ዛሬም ሁለቱም አሉ። «ለእንግዳ ይሆናል» ይላሉ።

እኔ የምርመራ ውጤት የምሰጥ ሠራተኛ ነኝ። መስኮቴን አዘውትረው ከሚጎበኙት ውስጥ ስኳር ያለባቸው አንዲት እማማ አሉ። በየሳምንቱ ሁለት አውቶቡስ ይዘው፣ ሦስት ፎቅ በደረጃ ወጥተው፣ አንዲት ወረቀት ተቀብለው ይመለሳሉ። ውጤቱ ሰፈራቸው ባለው ቅርንጫፋችን ቢታይ ይህ ሁሉ እንግልት ይቀር ነበር። ለዚያ ደግሞ ውጤቶቹ የሚቀመጡበት ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨራችን፣ ለቅርንጫፎቹ ተከፍቶ ለሌላው ዓለም መዘጋት አለበት። ገቢ ወጪውን እየፈተሸ የሚያሳልፍና የሚመልስ ፋየርዎል ያስፈልገዋል።

ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው። ሰርቨሩ የሚሠራበት፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነው ስርዓተ ክወና አንድ ሳይሆን ሦስት ፋየርዎል ይዞ ይመጣል። ሦስት! ያውም ለጋሽ ቆይ!

ሰባት ወር ፈጀ። ግድግዳቸው በሠንጠረዥ ተሸፈነ።

«አንደኛው» አሉኝ አንድ ቀን፣ «ሕጎቹን ከላይ ወደ ታች ያነብና መጀመሪያ በገጠመው ሕግ ይወስናል። ሁለተኛው እስከ ታች አንብቦ በመጨረሻ በገጠመው ነው የሚፈርደው። ሦስተኛው አርጅቷል፣ ግን ጨዋ ነው።»

«ታዲያ የቱ ይሻላል?»

«ቆይ፣ አንድ ነገር ልይ።»

ዓርብ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ብቅ አሉ። «ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ቅርንጫፎቹ ውጤት ካላዩ ዕቅዱን እሰርዘዋለሁ» ብለው ወጡ። ጋሽ ቆይን ላብ አጠመቃቸው።

ሰኞ ጠዋት ቢሯቸው ስገባ «መረጥኩ! ሁለተኛው ነው» አሉ። በዓይኔ ባላየው አላምንም ነበር። ከላይ «ቅርንጫፎቹ ይግቡ»፣ ከታች «ሁሉም ይታገድ» ብለው ጻፉና ቁልፉን ተጫኑ።

ስክሪናቸው ድርቅ አለ። ወዲያው የአንዱ ቅርንጫፍ ነርስ ደወለች። «ምንም አይታየኝም!»

ጋሽ ቆይ ግንባራቸውን መቱ። ሕጎቹን የደረደሩት በአንደኛው ፋየርዎል ወግ ነው፤ ሁለተኛው ግን የሚፈርደው በመጨረሻው ሕግ ነው። ስለዚህ ቅርንጫፎቹንም፣ ራሳቸውን ጋሽ ቆይንም ውጭ አስቀርቶ በሩን ዘጋ። ሰባት ወር ሙሉ ያጠኑት ልዩነት ይኸው ነበር።

ለሦስት ሰዓት ስምንት ደቂቃ ይቀራል። «አለቀልን!» አልኩ።

«ቆይ» አሉ ሰዓታቸውን እያዩ። «ቁልፉን ከተጫንኩ በኋላ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካላጸደቅኩት ፋየርዎሉ ራሱን እንዲያጠፋ አዝዤዋለሁ። እኔ ራሴን አላምንም፣ እህቴ።»

በአምስተኛው ደቂቃ ተከፈተ። እገዳውን ወደ ላይ አወጡት፣ ቅርንጫፎቹን ወደ ታች አወረዷቸውና ቁልፉን ዳግም ተጫኑ። «መጣልኝ!» ብላ ነርሷ በስልክ ጮኸች።

ያኔ ነው ስክሪኑን ልብ ብዬ ያየሁት። ከየሕጉ ጎን ሰው እንዲያነበው ማስታወሻ ይጻፋል፤ ማሽኑ አይቆጥረውም። ከእማማ ሰፈር ቅርንጫፍ ጎን እንዲህ ይላል፦ «ይህ መስመር እንዳይነካ። እማማ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።»

እኔ ደግሞ ጋሽ ቆይ ከእማማ ጋር ደረጃ ላይ ሲተላለፉ ልብ የሚሏቸው አይመስለኝም ነበር። ሰባት ወር በኚህ ሰው ስቀልድ ከርሜ አፈርኩ። ወደድኳቸውም።

ሻይ ልጋብዝዎ ብዬ ወሰድኳቸው። አሳላፊዋ ሎሚ ይጨመርበት እንደሆነ ጠየቀቻቸው። «ቆይ» አሉ። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ እኔም የራሴን ሳልነካ ጠበቅኳቸው።