ነጭናጫ ተብዬ

አማርኛችን ለክፉ ጠባይ የሰጠውን ያህል ቃል ለደግነት አልሰጠም። ደግ ሰው «ደግ ነው» ይባልና ወሬው ያልቃል። ጠባዩ የማይቻለውን ግን ቁጡ፣ ግልፍተኛ፣ ብስጩ፣ ነጭናጫ፣ ነዝናዛ፣ አኩራፊ እያልን ስናማርጥለት እንውላለን። ልዩነታቸውንም ጠንቅቀን እናውቃለን። ቁጡ ቱግ ይልና ይበርድለታል። ነጭናጫ በሆነ ባልሆነው ሲያጉረመርም ይመሻል። አኩራፊ ግን ዝም ነው፤ ዝምታው ዓመት ይፈጃል።

የሞጣው ታላቅ ወንድሜ ጋሼ አበጀ፣ ልጁን የዳረ ዕለት፣ በሰው ፊት ነጭናጫ አለኝ። እኔ ያልኩት እኮ ድንኳኑ ዘሟል፣ ጠላው ቀጥኗል፣ ወጡም ጨው ያንሰዋል ብቻ ነው። ይሄ ንጭንጭ ነው? ምክር እንጂ! እጄን እንኳ ሳልታጠብ ተነሥቼ አውቶቡስ ተሳፈርኩና ቢቸና ቤቴ ገባሁ።

ሦስት ዓመት አልደወልኩለትም። በመጨረሻው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ሽማግሌ ላከብኝ። «እሱ ራሱ ይምጣ» ብዬ መለስኳቸው። «ቢችልማ ይመጣ ነበር፤ አሞታል» ቢሉኝ፣ ጨጓራዬን ደግፌ «እኔስ ደኅና ነኝ ወይ?» አልኳቸው። እሑድ እሑድ ግን ቤተ ክርስቲያን መሳሜ አልቀረም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚለውን የማላውቅ መስሏችሁ ነው? አውቀዋለሁ፤ ስንቱን ሰው መክሬበታለሁ።

ሐምሌ ላይ «ጋሼ አረፈ» ተብሎ ተደወለልኝ። ደብረ ወርቅ አጠገብ አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቆመ፤ እኔም ሾፌሩን፣ ረዳቱንና ክረምቱን ስራገም ቀብሩ አለፈኝ።

ልቅሶ ቤት ስደርስ አልቃሿ ወደ እኔ ዞራ፣ ወንድምህ ምን ዓይነት ሰው ነበር፣ ንገረኝና ላልቅስለት አለችኝ። ያ ሁሉ ቃል የነበረኝ ሰውዬ አንድ አጣሁ። «ደግ ነበር» አልኩና ወሬዬ አለቀ።

ማታ ባለቤቱ እትዬ ስንዱ አጠገቤ ተቀመጠች። ስልኩን እስከ መጨረሻው ከትራሱ ሥር አላወጣም አለችኝ። እኛ እንደውልለት ስንለው፣ «ተዉት፤ ወንድሜ ቁጡ ነው እንጂ ቂም አያውቅም። ሲበርድለት ይደውላል» ይለን ነበር አለችኝ።

ነጭናጫ ያለኝ ሰው፣ ከዚያ ሁሉ ቃል መርጦ፣ ስሞት ብጠራበት የማላፍርበትን ሰጥቶኝ ሄደ። አለቀስኩ። ግን ጋሼ ተሳስቷል፤ ቁጡስ ይደውል ነበር።