ከአገር ምሥረታ የሚጀምሩት እጩ

ስንት ሰዓት እንደሆነ ብትጠይቋቸው ከአገር ምሥረታ የሚጀምሩ ሰው ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔን ቡራዩ ገጥመውኛል። አቶ መኩሪያ ይባላሉ፤ ባለርስት ናቸው። ለሕዝብ እንደራሴነት በተወዳደሩ ጊዜ ገበያው ዳር ሰብስበውን፣ መንደሩን ማን እንደቆረቆረው፣ መሬቱ ለማን እንደተሰጠ፣ ከዚያስ ወደ ማን እንደተላለፈ ይተርኩልን ጀመር። እኩለ ቀን ሆነ፤ እሳቸው ግን ገና አያታቸው ዘንድ አልደረሱም። ምርጫ ማለት ታሪክ ሰምቶ መጨረስ ይሆን እንዴ ብዬ ሰጋሁ።

በዚህ መሐል ጭሰኛቸው ኦቦ ቶለሳ ተነሡ።

"ጌታዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ እየሰማሁ ነው። አባቴም እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ አርሶ ነው የሞተው። የእሱ ተራ መቼ ይደርሳል?"

ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። አቶ መኩሪያ ታሪኩን የጻፉበትን ወረቀት ቢያገላብጡ የኦቦ ቶለሳን አባት ስም አጡት። ኦቦ ቶለሳን አንተ ማለት የለመዱት ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አባትዎ ማን ይባሉ ነበር?" አሉ።

"ጉደታ።"

ወረቀቱ ጥግ ላይ ጻፉት።

አቶ መኩሪያ በምርጫው ተሸነፉ። ኦቦ ቶለሳ ግን የመረጡት እሳቸውን እንደሆነ ነገሩኝ። ለምን ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ለግብር ከብታችንን ሊቆጥር የመጣ ብዙ ነው" አሉኝ። "አባትዎ ማን ይባሉ ነበር ያሉኝ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።"