በዓል የሚያከብረው ፕሪንተር

በየከተማው እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ የተበላሸ ዕቃ አስተካክል ሲሉት በመጀመሪያ ከዕቃው ጋር መተዋወቅ የሚያምረው። የውጫሌው ሀምዱ ነው። አምፖል ቢቃጠል፣ ከመቃጠሉ በፊት እንዴት እንደዋለ ይጠይቃል። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ አሰጋሽ “ሊቀ ጠያቂያን” የሚል ማዕረግ ሰጥታዋለች፤ እሱም የመስጊድ ሰው ቢሆንም ሹመቱን በደስታ ተቀብሏል።

ያን ሐሙስ ግን አሰጋሽ ለማዕረግ ጊዜ አልነበራትም። የነገው ፈተና አልታተመም። ርዕሰ መምህሯ ዙለይሃ ጠዋት ቁርጡን ነግራታለች፦ “አሰጉ፣ ይሄ ማሽን ካንቺ ጋር አልተስማማም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልታተመ፣ ሰኞ ንብረት ክፍል ትገቢያለሽ።” አሥራ አራት ዓመት የተቀመጠችበትን ወንበር ለቃ አካፋና መጥረጊያ ልትጠብቅ ነው።

ሀምዱ ደብተሩን ይዞ ገባ። በሊኑክስ ፕሮግራም የሚሠራው የትምህርት ቤቱ ዋና ኮምፒውተር፣ አሮጌው ሰርቨር፣ ከየቢሮው የሚላከውን ተቀብሎ በተራ ወደ ፕሪንተሩ ያሳልፋል። አሁን ግን ሰባት ፈተና ወረፋው ላይ ተገትሯል።

“አጥፍተህ አታበራውም?” አለችው።

“ሌሎቹ ስንት ጊዜ አጠፉት?”

“ኧረ ሺህ ጊዜ!”

“ታዲያ እኔ ሺህ አንደኛ ልሁን? መጀመሪያ እንየው። መቼ ጀመረው?”

“ጥር ላይ።”

“ከዚያስ በፊት?”

“ከዚያ በፊትማ ደህና ነበርን፤ አንተም አልነበርክ!”

“ጥር ላይ ምን አዲስ ዕቃ ገባ?”

“ምንም።”

“ደህና የሚሠራበት ቀንስ የለም?”

አሰጋሽ ድምጿን ዝቅ አደረገች። “እንዳትስቅ። በአሥራ ሁለት፣ በሃያ አንድና በሃያ ዘጠኝ ቀጥ ብሎ ይሠራል። መምህራኑ በዓል ያከብራል ይሉታል።”

“በሚካኤል፣ በማርያምና በበዓለ ወልድ?” ሀምዱ አልሳቀም። እየተቻኮለ ጻፈው፤ ዓይኑ በራ። “ሱብሃነላህ! በነዚያ ቀኖች አንቺ የት ነሽ?”

“ቤተ ክርስቲያን ስሜ ረፈድ አድርጌ እገባለሁ። ፕሪንተሩን እትዬ ዙለይሃ ታበራዋለች።”

“በሌላው ቀንስ?”

“እኔ ነኛ።”

“ከማብራትሽ በፊትስ?”

“ከዚያ በፊትማ የልጄን መልእክት አያለሁ።”

“በምን?”

“በስልኬ ነዋ፣ በምን ላየው—” አለችና ስልኳን ገልበጥ አድርጋ አየችው። ስልኩን የገዛችው ጥር ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ማታ ዘበኛው የቢሮውን መብራት ከቆጣሪው ያጠፋል። ጠዋት ሲበራ፣ ዋይፋይ የሚያከፋፍለው ሳጥን የትናንቱን ሁሉ ረስቶ ቀድሞ ለመጣ የመጀመሪያውን አድራሻ፣ ለተከታዩ ሁለተኛውን ይሰጣል። ሰርቨሩ ደግሞ ፕሪንተሩን የሚያውቀው በመጀመሪያው አድራሻ ብቻ ነው። አሰጋሽ ማልዳ ስትገባ አድራሻውን ስልኳ ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ፈተናው ሁሉ የሚላከው ወደ ስልኳ ነው። በሃያ አንድ ግን ስልኩም ከባለቤቱ ጋር ቤተ ክርስቲያን ነው። የዙለይሃ ስልክ ባለቁልፍ ስለሆነ ዋይፋይን ከነመኖሩም አያውቅም።

ሀምዱ ለፕሪንተሩ የማይለወጥ አድራሻ ሰጠው፤ ለሰርቨሩም ነገረው። ማሽኑ አጉረምርሞ ወረቀት ማውጣት ጀመረ። አሰጋሽ እልል ልትል አፏን ስትከፍት፣ ሰውዬው ሳጥኑን ከሶኬት ነቀለው።

“አብደሃል? ስምንት ተኩል ሆኗል እኮ!”

“ሠራ እንጂ ምክንያቱ ይሄ መሆኑን መቼ አረጋገጥን? መልሼ ስሰካው ስልክሽ ቀድሞ ይግባ።”

እየረገመችው ስልኳን አስቀደመች። ፕሪንተሩ ግን ግድ ሳይሰጠው ካቆመበት ቀጠለ። ሀምዱ የራሱ ልጅ አንደኛ የወጣ ያህል ሳቀ።

ዙለይሃ ገብታ ገና ያልቀዘቀዘውን ወረቀት አነሳች። “ጥፋቱ የማን ኖሯል?”

አሰጋሽ ስልኳን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች።

“የሳጥኑ ነው፣ እትዬ” አለ ሀምዱ። “እሷ ቀኖቹን ልብ ባትል ኖሮ ደግሞ እስከ ክረምት አላገኘውም ነበር።”

“እንግዲያው ከዚህ ወንበር የሚያነሳት የለም” አለች ዙለይሃ።

በሚቀጥለው ሃያ አንድ አሰጋሽ ቤተ ክርስቲያን ቆማ የቤተሰቧን ስም በየተራ ጠራች። ከልጇ ስም ቀጥሎ “ሀምዱንም ጠብቂልኝ፣ እመቤቴ” አለች። ከዚያ ሳቋ መጣና በነጠላዋ አፏን ሸፈነች፤ ሰውዬው ይህን ቢሰማ “ከመቼ ጀምሮ? ከዚያስ በፊት?” ማለቱ አይቀርም።